ባዶ አንቀልባ

አንድ ሰው ነበረ። ጥያቄሽን አልረሳሁትም፣ ማንያህልሻል። «ሳልጠየቅ ማኅፀኔ የተዘጋብኝ እኔ፣ ቅዳሜ እንደኔ ከተበደሉት ከነዚያ ሴቶች ጋር አደባባይ ወጥቼ ምን ብዬ ነው የምጨፍረው? ሰው አይስቅብኝም ወይ?» ብለሽኛል። እመልስልሻለሁ፤ አስቀድመሽ ግን የዚህን ሰው ነገር ስሚኝ።

ሰውየው ባለጸጋ ነበር። ቆላ ውስጥ ጫፉ የማይታይ የጥጥ እርሻ ነበረው። ጥጡን የሚለቅሙለት ከደጋ የወረዱ ሴቶች ነበሩ። ከቤታቸው ሲወጡ እናቶቻቸው ለየአንዳንዳቸው አንቀልባ ሸክፈውላቸው ነበር፤ ቆዳው በደንብ የለፋ፣ ጠርዙ ላይ ዛጎል የተሰፋበት። እናት ለሴት ልጇ አንቀልባ ስትሰጥ ምን ማለቷ እንደሆነ ላንቺ አልነግርሽም።

ባለጸጋው ግን አንቀልባ ባየ ቁጥር ይከፋው ነበር። እርጉዝ ሴት ቀስ ብላ ነው የምትለቅመው፤ አራስ ደግሞ ጥላ ሥር ትቀመጣለች። እስከዚያ ጥጡን ነፋስ ይበትነዋል። ስለዚህ አንድ መርፌ ወጊ አስመጣና «የወባ መከላከያ ነው» ብሎ ሴቶቹን ሁሉ አስወጋቸው። መርፌው ማኅፀን የሚዘጋ ነበር። እነሱ ምን ያውቃሉ? ክንዳቸውን ሰጡ፤ «ዕድሜ ይስጥልን፣ ጌታዬ» ብለውም መረቁት። ይህ ምርቃት እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ዓመታት ሄዱ። በሰፈሩ የልጅ እልልታ ጠፋ። የአንዷ ባል ፈታት፤ የሌላዋ ባል ሌላ ሚስት አገባባት። በየጠበሉ የተንከራተተችም፣ ስለት የተሳለችም አለች። እያንዳንዷ ጥፋቱ የራሷ ብቻ እየመሰላት አንቀልባዋን ሣጥን ውስጥ ደበቀች፤ አንዷ ለሌላዋ አትናገርም። ግፈኛን የሚመቸው እንዲህ ያለ ዝምታ ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን የባለጸጋውን ወጣት ሚስት ወባ ያዛት። ሴቶቹ አዘኑላት። ከሁሉም ታላቅ የነበረችው ለቃሚ ወደ ባለጸጋው ሄደችና፣ «ጌታዬ፣ እንዳያገረሽባት ያንን የኛን መርፌ ለእመቤቴም ያስወጉላት እንጂ» አለችው።

ሰውየው ከመቀመጫው ዘሎ ተነሣ። «እሷን እንዳትነኩብኝ! እሷ ልጅ የምትወልድልኝ ናት!» አለ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሴቲቱ ወጣች፤ ሰፈር ደርሳ የሰማችውን ተናገረች። ለየብቻቸው ሲያለቅሱ የኖሩት ሴቶች ያን ዕለት አንድ ላይ አለቀሱ። ከዚያም ዳኛ ዘንድ ሄዱ። ዳኛው «ጠባሳችሁን አሳዩኝ» አለ። የመርፌ ጠባሳ ከየት ይመጣል? «እንግዲያው ምስክር አምጡ» አለ። ያልተወለደ ልጅ ችሎት አይቆምም። የአገሩ ሽማግሌዎችም «በቃ፣ ሆድ ይፍጀው በሉ» ብለው ሸኟቸው። ሆዳቸው ላይ ያን ሁሉ ሠርተው ሲያበቁ፣ ሆድ ይፍጀው!

እመቤቲቱ ዳነች፤ ወንድ ልጅም ወለደች። ለክርስትናው ጠጅ ተጣለ፣ ዳስ ተጣለ። ባለጸጋው «ለቃሚዎቹ ከበሮ ይዘው ይምጡ፤ እልል ይበሉልኝ» ብሎ አዘዘ።

መጡ። ነጠላቸውን ተከናንበው ገቡና አስቀድመው ለሕፃኑ እልል አሉለት። ሕፃኑ ምን አጠፋ? ከዚያ የከበሮው አመታት ተለወጠ። ነጠላቸውን ሲጥሉ በየጀርባቸው ባዶ አንቀልባ ታዝሏል። እስክስታውን ሲወርዱት ዛጎሉ ይንሿሿ ጀመር። ልጅ ያለበት አንቀልባ ድምፅ የለውም፤ የልጁ ክብደት ያረጋዋል። ይሄኛው ግን ባዶ ነበርና ድምፁ ዳሱን ሞላው። ታላቂቱም ግጥሙን አወረደችው፦

«የእናቴ አንቀልባ ዛጎሉ ጮኸብኝ፤
ልጄን የነሣኝ ሰው እልል በይ አለኝ።»

ባለጸጋው ብድግ ብሎ፣ «አቁሙ! በልጄ ክርስትና ሙሾ ታወርዳላችሁ?» ብሎ ጮኸ።

ከበሮው አልቆመም። ሴቲቱም ትከሻዋን ሳታሳርፍ፣ «ሙሾስ ለሞተ ነው፣ ጌታዬ። የኛዎቹ መቼ ተወለዱና ይሞታሉ? የቀረባቸው እልልታ ነው፤ እሱን አሁን እንሰጣቸዋለን» አለችው።

እልልታው ቀጠለ። ለአንዷ ልጅ ሲባል ወደሚቀጥለው ይሻገራል፤ ማለቂያ አልነበረውም። ከእንግዶቹ መካከል የወለዱ ሴቶች ብርሌያቸውን አስቀምጠው ተነሡና አብረው እልል አሉ። እመቤቲቱ ልጇን እንደ ታቀፈች ወደ ባሏ ዞራ፣ «እነዚህን ሴቶች ያስወጋሃቸው መርፌ ምን ነበር?» አለችው። ፊቱን አዞረባት። እንግዳው ሁሉ ጥሎት ወጣ፤ ግጥሙም ከእንግዳው ጋር ወጣና ገበያ ወረደ። ዳኛው ያልሰማውን ገበያው ሰማው። በዓመቱ ለባለጸጋው የሚለቅምለት ሰው ጠፋ፤ ያን የሳሳለትን ጥጥ ነፋስ በተነው።

ልጆቹ መጡ ወይ? አልመጡም። አልዋሽሽም።

እንግዲህ ልጄ፣ ባለጸጋው ማን እንደሆነ አንቺው ታውቂያለሽ፤ ነጭ ገዋን ለብሶ «ለጤናሽ ነው» እያለ ያስተኛሽ ሰው ነው። ዳኛው፣ «ማስረጃሽ የታል?» ብሎ የመለሰሽ ነው። ሽማግሌዎቹ ደግሞ፣ ይክፋሽም አይክፋሽ፣ «ስምሽ ይጠፋል፣ ዝም በይ» የሚሉሽ የገዛ ዘመዶችሽ ናቸው። አንቺ እስከ ዛሬ ለብቻሽ አልቅሰሻል፤ ማንም አልተረበሸም። ቅዳሜ የሚጨፍሩት ሴቶች ሐዘናቸውን ረስተው አይደለም፤ ሐዘኑን ወደ ባለቤቱ ቤት እየመለሱት ነው። የሚስቅ ካለ ይሳቅ፤ ዛጎሉ ሲንሿሿ ጥርሱን ይሰበስባል።

እናትሽ የሰጠችሽ አንቀልባ አልጋሽ ሥር ነው፤ ስወጣ ስገባ አይቼዋለሁ። አውጪው። የላላ ዛጎል ካለው አምጪልኝ፣ አጥብቄ እሰፋልሻለሁ። ቅዳሜ ከበሮውን የምመታው እኔ ነኝ።