በሌለ ቀን የተጻፈ ደብዳቤ

አንድ ቀን ማለዳ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ውብሸት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል፤ ከኋላቸው ጎረቤቶቼ መሬት መሬት ያያሉ። ባለቤቴ እንዳላማው ፈንታ በወጣትነቱ የተከላቸውን ዛፎች አያለሁ ብሎ ጎጃም ከሄደ ሳምንቱ ነበር።

«እኅቴ ላቀች፣ በርቺ» አሉኝ ጋሽ ውብሸት። «እንዳላማው ትናንት ከዛፎቹ ሥር አረፍ እንዳለ አልተነሣም።»

«ትናንት ቀኑ ስንት ነበር?» አልኋቸው።

«ጳጉሜን አንድ።»

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ አለቀስሁ፤ ግን መጀመሪያ ሳቅሁ። ጎረቤቶቼ ደንግጠው ውኃ አመጡልኝ። አንዷማ «ጸበል ብንወስዳትስ?» ስትል ሰምቻለሁ። ለምን እንደ ሳቅሁ ያን ቀን ማስረዳት አልቻልሁም፤ አሁን ልጻፈው።

በ1963 ዓ.ም. ወደ ውጭ አገር ለትምህርት የሚሄዱ ተማሪዎችን ጉዳይ በሚያይ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርሁ። አለቃዬ አቶ ስንሻው ይባላሉ። ዘጠኝ ወር ውጭ አገር ተቀምጠው የመጡ ሰው ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ዘጠኙን ወር ሳያነሡ አንድ ቀን እንኳ ውለው አያውቁም። ተማሪ ሊሰናበት ሲመጣ በአውሮፕላን ውስጥ አቀማመጥ፣ የሹካ አያያዝ፣ በበረዶ ላይ አረማመድ ያስተምሩታል። አረማመዱን ተነሥተው ቢሮው ውስጥ ያሳያሉ።

ጳጉሜን ሦስት፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ዝናቡ እየወረደ አንድ የግብርና ኮሌጅ ተማሪ ገባ። ፊንላንድ ሄዶ የደን ትምህርት ሊማር ዕድል አግኝቷል። ክትባቱን ተከትቧል፣ ፎቶውን ተነሥቷል፣ እናቱ ሽሮና በርበሬውን ቋጥረውለታል። የቀረው የአቶ ስንሻው ፊርማ ብቻ ነው። ወረቀቱ የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ከሌሎቹ ጋር ካልተላከ ግን ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። ልጁ እስከ ቁርጭምጭሚቱ የሚደርስ ወፍራም ካፖርት ለብሶ ላቡ ይንቆረቆራል።

«ምነው፣ አመመህ እንዴ?» አሉት አቶ ስንሻው።

«ደኅና ነኝ ጌታዬ። ካፖርቱን እዚሁ ልለምደው ብዬ ነው።»

አቶ ስንሻው ፋይሉን ገለጡ። መነጽራቸውን አወረዱ፣ መልሰው ሰቀሉ።

«የተወለድህበት ቀን ጳጉሜን ሦስት ይላል።»

«አዎን ጌታዬ፣ ልክ ዛሬ ሃያ አንድ ዓመት ሞላኝ።»

«በዚህ ፎርም ላይ ግን ያሉት ወሮች አሥራ ሁለት ናቸው። ጳጉሜንን የት ልጻፍልህ?»

«በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር ስምንት ነው ጌታዬ። አስልቼዋለሁ።»

«አስልተኸዋል!» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ሰማሽ ላቀች? የክርስትና ምስክር ወረቀቱ ጳጉሜን ይላል፣ ፎርሙ ሴፕቴምበር ሊል ነው። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ሲወለድ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

እኔ ጽሕፈት መኪናዬ ላይ ወረቀት አስገባሁ። ከአለቃዬ ጋር የምከራከርበት ዘመን አልነበረም።

«እኔ ውጭ አገር ሳለሁ» ቀጠሉ አቶ ስንሻው፣ «ዘጠኝ ወር ሙሉ ጳጉሜን የሚባል ነገር አላየሁም። የሠለጠነው ዓለም አያውቀውም። የለም! በሌለ ቀን የተወለደ ሰው ልኬ መሥሪያ ቤቱን መሳቂያ ላድርገው?»

«እናቴ ግን ያን ቀን ነበረች ጌታዬ። አዋላጇም ነበረች።»

«እናትህ ፎርም አይሞሉም። የሌለ ቀን የለም፤ አለቀ።»

የልጁ ፊት ሲለዋወጥ አየሁ። እጁን ወደ ካፖርቱ ኪስ ሰደደ፣ ባዶውን አወጣ። አሁን ሊለምን ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሱ ግን ቀስ ብሎ፣

«እንግዲህ ምን ይደረጋል» አለ። «መከልከሌን ብቻ በደብዳቤ ይስጡኝ። ለኮሌጁ ዲን በቃሌ ብነግራቸው አያምኑኝም።»

አቶ ስንሻው ደብዳቤ ይወዳሉ። «በጽሑፍ ያልሰፈረ ነገር እንዳልተደረገ ይቆጠራል» የሚል አባባል ነበራቸው፤ ለጽዳት ሠራተኛዋ ሳይቀር በደብዳቤ ነበር መጥረጊያ የሚያዙላት። ወዲያው ተነሥተው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እየተንጎራደዱ አጻፉኝ። ቁጥሩን ጻፍሁ፤ ቀኑን ጻፍሁ፤ «ያቀረቡት ማመልከቻ ተቀባይነት ያላገኘ መሆኑን እየገለጽን» የሚለውን ጻፍሁ። ፈረሙበት፣ ማኅተሙን እፍ ብለው አሳረፉበት፣ ሰጡት።

ልጁ ደብዳቤውን ከላይ ጀምሮ አነበበው። ገና ከአናቱ ላይ ቆመና ቀና አለ።

«ጌታዬ፣ ቀኑ ጳጉሜን ሦስት ይላል።»

«ታዲያስ! ዛሬ ስንት ነው?»

«በሌለ ቀን የተጻፈ ደብዳቤ ነዋ። በዚህ ቀን እኔ ካልተወለድሁ፣ እርስዎም በዚህ ቀን አልከለከሉኝም።»

ከት ብዬ ሳቅሁ። አፌን በሁለት እጄ ብይዘውም አልሆነም። አቶ ስንሻው እኔን አዩ፣ ልጁን አዩ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ አዩ። እሱም ጳጉሜን ሦስት ይላል። ኋላ አንድ ማምለጫ ያገኙ መሰላቸውና ጣታቸውን ቀሰሩ።

«እሺ፤ አሁን ፈቅጄ ብፈርምልህስ፣ እሱም በሌለ ቀን የተፈረመ አይሆንም?»

«ከፈረሙማ ቀኑ አለ ማለት ነው ጌታዬ» አለ እንዳላማው። «ቀኑ ካለ ደግሞ እኔ ተወልጃለሁ።»

አቶ ስንሻው ፈረሙ። ከንፈራቸው ዳር ላይ ሳቅ ነገር አይቻለሁ፤ እሳቸው ግን እስከ ጡረታቸው ክደዋል። ሲሰናበቱት እንኳ «እዚያ አገር እንዲህ አትናገር፣ ብርዱ ምላስህን ይቆርጠዋል» ብለው የበረዶውን አረማመድ አሳዩት። ልጁም በዚያ ካፖርት ውስጥ ሆኖ አብሯቸው ቢሮውን ዞረ።

ሊወጣ ሲል ጠረጴዛዬ ላይ የክልከላውን ደብዳቤ አኖረ።

«ይቺን ያዥልኝ» አለኝ። «ስመለስ እወስዳታለሁ።»

«ካልተመለስህስ?» አልሁት።

«በሌለ ቀን የተጻፈ ደብዳቤ ለማን ይሰጣል ብለሽ ነው? የምፈልገው እኔ ብቻ ነኝ፤ እመለሳለሁ።»

ከሦስት ዓመት በኋላ ያንኑ ካፖርት በእጁ አንጠልጥሎ መጣ። ደብዳቤውን ሳወጣለት አልተቀበለኝም፤ «አንቺ ዘንድ ይቆይ፣ እኔም እዚያው ልቆይ» አለኝ። አምሳ ዓመት ቆየ። ጠብ ባለን ቁጥር፣ በተለይ ጥፋቱ የእሱ ከሆነ፣ «ይሄ ነገር የሆነው ጳጉሜን ላይ ነው፣ አይቆጠርም» ይለኝ ነበር፤ ጥርም ይሁን ሚያዝያ።

ለዚህ ነው የሳቅሁት። ጋሽ ውብሸት «ጳጉሜን አንድ» ሲሉኝ የእሱን ድምፅ ሰማሁ፤ «አይቆጠርም ላቀች፣ አይቆጠርም» ሲለኝ። ምነው አቶ ስንሻው ልክ በሆኑ፣ ያ ቀን ባልኖረ ብዬ ተመኘሁ። ግን ጳጉሜን ከሌለ እሱም አልተወለደልኝም፣ እኔም ከጽሕፈት መኪናዬ ጀርባ ሆኜ አልሳቅሁም። ስለዚህ ይኑር ብያለሁ።

የቀበርነው በማግስቱ፣ በጳጉሜን ሦስት፣ በልደቱ ቀን ነው። ዝናቡ ወረደ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ልጆች «ሩፋኤል አሳድገኝ» እያሉ ይታጠቡ ነበር። በዚያ ዕለት ሰማይ ተከፍቶ ጸሎት ያርጋል ይባላል። ይህን ያነበባችሁ ወገኖቼ፣ እሱ ደስ ይለዋልና መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥሎ ነፍሱን ይማር በሉልኝ። በጸሎት የምታስቡት የክርስትና ስሙ ወልደ ሩፋኤል ነው።