ትብለጥና የምንጩ ጠብታ

ጠጋ በሉ። ይህ ነገር ከአንዲት ጠብታ ውኃ ተነሥቶ ስንቱን ደጅ የጠና ነው።

በቦንጋ ወገን፣ ጭጋግ እስከ ረፋድ ከዛፍ ሥር ተኝቶ በሚያረፍድበት አገር፣ ትብለጥ የምትባል የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። የሰፈሯ ምንጭ ጥርት ያለ ነው፤ ጠጠሩ ከሥሩ ይታያል። ታናሽ እህቷ ግን ከዚያው እየጠጣች ሆዷን ያማታል፤ ተሻላት ሲባል መልሶ ያማታል። ትብለጥ፣ ጥርት ባለ ውኃም ውስጥ በዓይን የማይታይ ሕይወት እንዳለ በትምህርት ቤት ሰምታ፣ ውኃው ይፍላ አለች። እናቷ ወይዘሮ አሰለፈች ከምድጃው አጠገብ የቀረችውን ጥቂት እንጨት አየት አድርጋ ሳቀች።

"እኔ የማላየውን አልፈራም፤ አሳዪኝና አፈላለሁ" አለቻት።

የትብለጥ ፍላጎት እንግዲህ ይህችው ናት፤ የምንጩን ጠብታ አይቶ ማሳየት።

በማግስቱ ውኃውን በብልቃጥ ይዛ ትምህርት ቤት ሄደች። ትንሹን አጉልቶ የሚያሳየው ማይክሮስኮፕ ኮሪደሩ ላይ ባለው የመስታወት ቁምሳጥን ውስጥ፣ ሲመጣ የለበሰውን ላስቲክ እንደለበሰ ቆሟል። ግንባሯን መስታወቱ ላይ ብታስጠጋ ትንፋሿ ጭጋግ ሆነ፤ ማይክሮስኮፑም በጭጋጉ ውስጥ የሚያንቀላፋ መሰላት። ጠብታዬን አሳየኝ አለችው። ማይክሮስኮፑ፣ "ቁምሳጥኑ ካልተከፈተ አልወጣም" አላት።

ቁምሳጥኑን ለመነች። ቁምሳጥኑ ቁልፉ ካልዞረ አልከፈትም አለ። ቁልፉ ካልዞረ ቁምሳጥኑ አይከፈት፤ ቁምሳጥኑ ካልተከፈተ ማይክሮስኮፑ አይወጣ፤ ማይክሮስኮፑ ካልወጣ ጠብታዋ አትታይ።

ቁልፉን ለመነች። ቁልፉ ግን በሲባጎ ታስሮ በንብረት ክፍሉ ሠራተኛ በጋሽ ይርጋ ኪስ ውስጥ ነው፤ እሳቸው ካላወጡኝ አልዞርም አለ። ጋሽ ይርጋን ለመነች። ጋሽ ይርጋ ኪሳቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ።

"ንብረት ነው የኔ ልጅ። ዳይሬክተሩ ሳያዙ ባወጣው ቁልፉ ራሱ ይታዘበኛል።"

ዳይሬክተሩ ካላዘዙ ጋሽ ይርጋ አያወጡ፤ ጋሽ ይርጋ ካላወጡት ቁልፉ አይዞር፤ ቁልፉ ካልዞረ ቁምሳጥኑ አይከፈት፤ ቁምሳጥኑ ካልተከፈተ ማይክሮስኮፑ አይወጣ፤ ማይክሮስኮፑ ካልወጣ ጠብታዋ አትታይ።

ዳይሬክተሩን አቶ ቦጋለን ለመነች። አቶ ቦጋለ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ዕቃ ሲሰበር ግን ያማቸዋል። የሳይንስ መምህርቷ ሐረገወይን ማይክሮስኮፑን አውቀዋለሁ ካለች አዛለሁ፣ ካላለች አላዝም አሉ። ትብለጥ ወደ መምህርቷ ሮጠች። ሐረገወይን ማይክሮስኮፕን በየዓመቱ በባለ ቀለም ጠመኔ ሰሌዳ ላይ ትስላለች፤ ልጆቹም ክፍሎቹን እንደ መዝሙር በቃላቸው ይወጡታል። ሰሌዳው ላይ ከሷ የሚበልጥ የለም። አሁን ግን ጠመኔውን አስቀመጠች።

"ትብለጥ፣ እኔም የተማርኩት በሥዕል ነው። ያልነካሁትን አውቀዋለሁ አልልም።"

ለመንካት ደግሞ መውጣት አለበት። መምህርቷ ካልነካችው አውቀዋለሁ አትል፤ አውቀዋለሁ ካላለች ዳይሬክተሩ አያዙ፤ ዳይሬክተሩ ካላዘዙ ጋሽ ይርጋ አያወጡ፤ ጋሽ ይርጋ ካላወጡት ቁልፉ አይዞር፤ ቁልፉ ካልዞረ ቁምሳጥኑ አይከፈት፤ ቁምሳጥኑ ካልተከፈተ ማይክሮስኮፑ አይወጣ፤ ማይክሮስኮፑ ካልወጣ መምህርቷ አትነካው። ነገሩ ዞሮ ዞሮ ራሱ ላይ ገጠመ፤ ጠብታዋም ብልቃጧ ውስጥ ቀረች።

ትብለጥ ወጥታ በአጥሩ ጥግ፣ ከጎደሬው አጠገብ ተቀመጠች። ካፊያ ይጥላል፤ ድምፅ የለውም። የጎደሬ ቅጠል ውኃ አይቀበልም፤ ዝናቡ በላዩ እንደ ዶቃ ይንከባለላል። ትብለጥ ፈዛ አንዱን ዶቃ ስታይ፣ ከሥሩ ያለው የቅጠሉ ጅማት ወፍሮ ታያት። ቅጠሉን ዘንበል አደረገች። ዶቃው ሄደ፤ ጅማቱ ቀጠነ። ዶቃው የደረሰበት ሌላ ጅማት ደግሞ ወፈረ። ዓለም በጠብታዋ ሥር ብቻ እያደገች መልሳ የምታንስ ትመስል ነበር።

ቅጠሉን በሁለት እጇ ይዛ ስትሮጥ ዶቃው መንገድ ላይ ወደቀ። ተመልሳ ሌላ ይዛ እየተንቀረፈፈች መጣች። "ቲቸር፣ ይዩት" አለች።

ሐረገወይን ጎንበስ ብላ አየችው። ከዚያ ቀጭን ሽቦ ፈልጋ ጫፉን ምስማር ላይ ጠምዝዛ ትንሽ ቀለበት ሠራች፤ ውኃ ውስጥ ነከር ብታደርገው ጠብታ ተንጠለጠለበት። መጽሐፉ ላይ ያዘችው። ሲርቅ ፊደሉ ይደበዝዛል፤ ቀስ ብሎ ሲቀርብ ፊደሉ ይጠራል፤ አልፎ ሲጠጋ ደግሞ ይጠፋል። ልጆቹም ሽቦ ጠምዝዘው ስስ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጉንዳን እግር፣ የጓደኛቸውን ቅንድብ እያዩ ግቢውን ሞሉት። ሐረገወይን እጇን ከፍ ዝቅ ስታደርግ፣ ሰሌዳ ላይ ስትስለው የኖረችው የማይክሮስኮፑ ማስተካከያ ምን እንደሚሠራ በጣቶቿ ገባት። ቅጠሉን ወደ ሰማይ ስትይዘው ብርሃን በውስጡ አለፈ፤ ከማይክሮስኮፑ ሥር ያለው መስታወትም ለምን እንደተቀመጠ ገባት። የምንጩን ውኃ ግን ቀለበቱ ባዶ አድርጎ ነው ያሳያቸው፤ ለዚያ የሽቦው ጠብታ አትበቃም፤ ማይክሮስኮፑ ያስፈልጋል።

ሐረገወይን ሽቦዋን ይዛ ወደ ዳይሬክተሩ ገባች። አቶ ቦጋለ በጠብታው አውራ ጣታቸውን አዩ፤ መልሰው አዩ።

"ይሄ የኔ ጣት ነው? የታረሰ ማሳ መሰለኝ እኮ።"

"የእርስዎ ነው" አለች፤ "እጄ ከጠብታው ተምሯል። አሁን አውቀዋለሁ።"

መምህርቷ አውቀዋለሁ ስትል ዳይሬክተሩ አዘዙ፤ ዳይሬክተሩ ሲያዙ ጋሽ ይርጋ ኪሳቸውን ለቀቁ፤ ጋሽ ይርጋ ሲያወጡት ቁልፉ ዞረ፤ ቁልፉ ሲዞር ቁምሳጥኑ ተከፈተ፤ ቁምሳጥኑ ሲከፈት ማይክሮስኮፑ ላስቲኩን አውልቆ ወጣ። ጋሽ ይርጋ አብረው መጡ፤ ንብረቱን ለመጠበቅ ነው ቢሉም መጀመሪያ የተሰለፉት እሳቸው ናቸው።

እናቷም ተጠርታ መጣች። ጭጋጉ ገለጥ ብሎ፣ ከመስኮቱ የገባው ብርሃን የማይክሮስኮፑ መስታወት ላይ ወደቀ። ሐረገወይን ከብልቃጡ አንዲት ጠብታ አኑራ አስተካከለች፤ ትብለጥ አየች። በብርሃን ክብ ውስጥ አንድ ሞላላ ነገር እንደ ጀልባ ቀስ ብሎ ቀዘፈ፤ ሌላው ዞሮ ከኋላው ሄደ። ሳትናገር ለእናቷ ቦታ ለቀቀች። አሰለፈች አንድ ዓይኗን ጨፍና አጎነበሰች፤ ብዙ ቆየች።

"ልጄን ያመማት ይሄ ነው?"

"ይሄኛው ነው አልልም" አለች ሐረገወይን። "የሚያሳምመው ከዚህም ያነሰ ሊሆን ይችላል። ውኃው ባዶ አለመሆኑን ግን በዓይንዎ አዩት።"

አሰለፈች ነጠላዋን አስተካከለች። "ሳልጠራቸው ልጄን ቤታቸው አድርገዋት ኖሯል" አለችና እንጨት ልትለቅም ወጣች።

ጠብታዋ ታየች፤ እንጨቱ ተለቀመ፤ እሳቱ ነደደ፤ ውኃው ፈላ። ተረቴም ፈላ፤ እናንተ አቀዝቅዛችሁ ጠጡት።