የከሰሏ ቅንጣትና ጎደሎው ረድፍ

ተረት አለኝ ስላችሁ «ጆሯችን ክፍት ነው» በሉኝ። እሺ፣ አሁን ስሙ።

ድሮ፣ ብረትም ከሰልም አፍ አውጥቶ ሲናገር፣ ጥቁሪት የምትባል አንዲት የከሰል ቅንጣት ነበረች። ባለእጁ ዘርጋው ማረሻ ሊሠራ ብረት ሲያግል፣ ሳታስበው ብረቱ ውስጥ ገባች። ዛፍ ሳለች ከእህቶቿ ጋር ተቃቅፋ ነበር የምትኖረው። አሁን ብቻዋን ናት፤ ሆዷ ባባ። የምትመኘው አንድ ነገር ነው፤ አረፍ የምትልበት ቦታ።

እዚያ ውስጥ የብረት ቅንጣቶቹ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው በሰልፍ ቆመዋል። ሲያዩዋቸው ያምራሉ። ጥቁሪትም «ምነው ከነዚህ መሀል ባረፍኩ» ትላለች።

ብረት ሲግል መንገዱ ይከፈታል፤ ሲቀዘቅዝ ይዘጋል። በመጀመሪያው ግለት ተነሥታ ወደ አንዱ ረድፍ ሄደች።

«ጋሼ፣ እባክዎ ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ።»

«ልጄ፣ ለራሳችንም ጠቦናል። እለፊ» አላት።

ብረቱ ቀዘቀዘ። ጎኗን እያመማት፣ በጎረቤቶች መሀል ተጣብቃ ቀረች።

ዘርጋው ደግሞ አገለው። ወደ ሌላው ረድፍ ሄደች።

«እትዬ፣ ለእግሬ መዘርጊያ እንኳ ቢሆን።»

«አንቺን ብናስገባ ሰልፋችን ይንጋደዳል። እለፊ።»

ስትመለስ «ነይ እዚህ» የሚል ድምፅ ሰማች። መዶሻ ያወላገደው ረድፍ ነው፤ መሀል ላይ ተቋርጦ ከሥሩ ክፍት ሆኗል። ጎረቤቶቹ «ጎደሎ» ይሉታል። ጥቁሪት ግን ዓይኗ የቀናውን ሰልፍ ነው የሚያየው። «ካንተ ጋርማ ምን አደርጋለሁ» ብላ አለፈችው። አይ ጥቁሪት፣ እኛም እኮ እንዲሁ ነን።

ዘርጋው ማረሻውን ሲሞክረው ጎበጠበት። አቃንቶ ቀጠቀጠውና ለሚስቱ ለወለላ አሳያት።

«በቃ፣ ረመጥ ውስጥ ይረፍ» አለችው። «ከዚህ በኋላ እሳት አይነካውም፤ የማረሻው ባለቤት እየጠበቀ ነው።»

ጥቁሪት ይህን ስትሰማ ደነገጠች። አሁን ቦታ ካላገኘች ዕድሜ ልኳን ተጣብቃ መቅረቷ ነው። ረመጡ ብረቱን ቀስ ብሎ ሲያሞቀው፣ እየተንፏቀቀች ወደ ጎደሎው ሄደች።

«ያለፍኩህ እኔ ነኝ» አለች አፍራ።

«አውቃለሁ» አላት። «እኔም ከተሰበርኩ ጀምሮ የሚይዘኝ እንደናፈቀኝ ነው። በተመታን ቁጥር እንሸራተታለሁ። ሰልፈኞቹም አብረውኝ ይጎብጣሉ፤ ለምን እንደሆነ ግን አያውቁም። ግቢ።»

ገባች። ልኳ ነበር። ጎኗን የሚጫናት ጠፋ፤ እፎይ አለች። ቦታ አጥተው ይንከራተቱ የነበሩ ሌሎች የከሰል ቅንጣቶችም እየተጠራሩ መጥተው ከጎኗ ተሰበሰቡ።

ማረሻው ገና ትኩስ ሳለ ዘርጋው ድንጋይ ላይ መታው። ጎደሎው ሊንሸራተት ሲል ጥቁሪትና ጓደኞቿ ያዙት። ሰልፉ ሁሉ ባለበት ቆመ፤ ማረሻው አልጎበጠም።

ያኔ ሰልፈኞቹ ማን እንደያዛቸው ገባቸው። «ጥቁሪት፣ ልጃችን፣ ነይ እኛ ጋ፤ ጠጋ እንልልሻለን» አሏት።

ልቧ ሸፈት አለ። ያን ሰልፍ ስንት ጊዜ ናፍቃዋለች። ጎደሎውም ሰማ፤ ግን «አትሂጂ» አላላትም።

«እኔ ከተነሣሁ ይሄ ይወድቃል» አለች ጥቁሪት። ብረቱ ቀዘቀዘ፣ መንገዱ ተዘጋ፤ እሷም እዚያው ቀረች።

ተረቴን ለሰሚ አድርሱ፤ ይህችንም ቃል ያዙልኝ። ሙሉ ቤት እንግዳ አያሳርፍም፤ «ግቢ» የሚለው የጎደለበት ነው።