አሸብር በእጥፍ የተሳፈረ ዕለት

እኛ ሰፈር የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ "ጨምሬም ቢሆን ልሂድ" የሚል ሰው ከተገኘ፣ ከኋላው አንዱ አንዲት አባባል ጣል ያደርግበታል። ሰውየው አንገቱን ይደፋል፣ ሰልፈኛው ይስቃል። እኔ ግን አልስቅም። አባባሏን ያመጣብን የኔው ባል ነዋ!

ከመሃል ከተማ ተነስተን ዳር ያለው ኮንዶሚኒየም ከገባን ሁለተኛ ዓመታችን ነበር። ባሌ አሸብር ሥራ ፈቶ ቤት ከዋለ መንፈቅ አልፎታል። ቤታችን የቆመው በኔ ደመወዝ ነው፤ መሃል ከተማ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ጽዳት ነበርኩ። አለቃዬ ደግሞ ቀልድ አታውቅም። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሦስት ቀን ያለፈበት ሰው ይሰናበታል፣ አለቀ።

አንድ ሰኞ አሸብር ለጥበቃ ሥራ ፈተና ተጠርቶ አብረን ወጣን። ጫማዬን ሊስትሮ ሁለቴ ካልጠረገልኝ ብሎ አስረፈደን። ሰልፉ ጋ ስንደርስ የመጣው ታክሲ ረዳት "እስከ አደባባይ ብቻ!" ይላል። መንገዱን መሃል ላይ ቆርጠው አደባባዩ ላይ ያራግፉናል፤ ከዚያ እንደገና ሰልፍ፣ እንደገና ሒሳብ ነው።

አሸብር ከሰልፉ ወጥቶ በሩን ያዘ። "ወንድሜ፣ በቀጥታ መሃል ከተማ ውሰደን፤ ሁላችንም እጥፍ እንከፍላለን!"

"ሁላችንም ማለት?" አሉ ጋሽ ንዳ፣ ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን። "አንተን ደግሞ ማን ወከለህ? ትንሽ ብንታገስ ሌላ ይመጣል።"

"ጋሽ ንዳ፣ ለዛሬ ብቻ እኮ ነው! ፈተናው ሊያልፈኝ ነው።"

ረዳቱ በሩን ከፈተው። "የቸኮለ ይግባ!"

ያልቸኮለ የለማ። ሁሉም ገባ፣ ጋሽ ንዳም እያጉረመረሙ ገቡ። እኔማ፣ እውነቱን ልናገር፣ ባሌ ሰው አስተባበረ ብዬ ኮራሁ። ምን ዓይነቷ ጅል ነበርኩ!

አሸብር በሰዓቱ ደረሰ። ፈታኙ ግን ታክሲ አጥቶ ገና አልመጣም ነበር። "ሌላ ቀን እንጠራሃለን" ተባለ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልጠሩትም።

ማክሰኞ ጠዋት ያው ረዳት "እጥፍ ነው!" አለን።

"በምን ሒሳብ?" ብንለው፣ "ትናንት ከፍላችሁ የለ እንዴ?" ብሎ ለሒሳቡ እጁን ዘረጋ።

በሳምንቱ የመስመሩ ታክሲ ሁሉ እጥፍ ጠራ። ወሩ ሳያልቅ ደግሞ እጥፉን እየተቀበሉ እንደ በፊቱ መንገዱን መቁረጥ ጀመሩ። ድሮ መሃል ከተማ ያደርሰኝ የነበረው ገንዘብ አደባባዩ ላይ ጣለኝ። ሌላ የምጨምረው ከየት ይምጣ? ከልጆቼ ዳቦ ላይ?

ከአደባባዩ ወዲያ በእግሬ ሆነ። ገና ሳይነጋ ብወጣም ሰልፉ ራሱ ጊዜዬን ይበላዋል። መጀመሪያ አሥር ደቂቃ አረፈድኩ፣ በሌላ ቀን ሩብ ሰዓት። ሦስተኛው ቀን ዝናብ ነበር። በስብሼ እየሮጥኩ ስደርስ አለቃዬ በር ላይ ቆማ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ተቀበለችኝ።

መንገዱን ሙሉ በእግሬ ተመለስኩ። ሰልፉ ጋ ስደርስ አሸብር ከጋሽ ንዳ ጋር ቆሟል።

"ጥሩዬ፣ ዛሬ በጊዜ ተለቀቅሽ?"

"አባረሩኝ" አልኩት።

ፊቱ አመድ መሰለ። ዘወር ሲል ያን ረዳት አየውና ሄዶ አንገቱን አነቀው። "ለዛሬ ብቻ ነው ያልኩት! ለዛሬ ብቻ!"

"ኧረ ጋሼ ልቀቀኝ፣ ታሪፉ ነው! እኔ ምን ላድርግ?"

እኔ እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሰልፈኛው ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ፤ ቦታውን ለቆ የወጣ ግን አልነበረም። ጋሽ ንዳ ቀስ ብለው መጡና የባሌን ጣቶች ከረዳቱ አንገት ላይ አንድ በአንድ እያላቀቁ፣ "ተወው ልጄ፣ ችኩል የጨመረውን አገር ይገብረዋል" አሉት።