ልጅ ይዞ መግባት የተከለከለበት ግቢ

፦ ተረት ተረት!
፦ ጆሯችን ክፍት!

እንግዲያስ ጠጋ ጠጋ በሉ። የዛሬው ሆዴን የሚያበግነኝ ነገር ነው።

በድሮ ዘመን አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ባሏን ወባ ወስዶባት፣ ጡት ያልጣለች ልጇን ደብሬን ይዛ ቀረች። በዚያው መንደር ወይዘሮ ዘነቡ የሚባሉ ባለጠጋ ነበሩ። ግቢያቸው ውስጥ ሴቶች ተሰብስበው ለሠርግ፣ ለማኅበር የሚሆን መሶብ ይሰፋሉ። እሳቸውም አንጓችን ጠሩና፦

፦ ሲመችሽ ነይ፤ ልጅሽ ከታመመች ቅሪ። እያጠባሽም ስፊ። እኔ የምሻው ያማረ መሶብ ነው፤ አሏት።

አንጓች ደስ አላት። ሣሩን ቀይና ጥቁር እየነከረች፣ በወስፌ እየወጋች፣ ከሴቶቹ ጋር እየተሳሳቀች ትውላለች። ልጇ ከጎኗ ቁርበት ላይ ትንፏቀቃለች። ማታ ቤቷ ስትገባ፦ «ሥራዬንም አላጣሁ፣ ልጄም ከዓይኔ አልራቀች፤ ተመስገን» ትላለች።

ከዚያም ወይዘሮ ዘነቡን ጉልበታቸውን አመማቸውና ጠበል ሄዱ። ግቢውን ለልጃቸው ለአባተ ተዉለት። አባተ ከአንድ ትልቅ ጌታ ቤት አሽከር ሲያዝ ኖሮ የመጣ ነው። ሴቶቹን አቆመና፦

፦ ይኼ የስፌት ቤት ነው ወይስ የሕፃን መንጫጫ? ከነገ ጀምሮ ጀንበር ስትወጣ ትገባላችሁ፣ ስትጠልቅ ትወጣላችሁ። ልጅ የሚባል እዚህ እንዳላይ!

፦ ጌታዬ፣ የምትጠባ ልጅ የት ልጣላት? አለች አንጓች።

፦ እሱ ያንቺ ጣጣ ነው። እናቴ ሥራ ሰጥታሻለች፤ አመስግነሽ ተቀመጪ።

ሰማችሁት? እናቱ የሰጧትን እየነጠቀ አመስግኚ ይላታል!

ምን ታድርግ? ልጇን ለጎረቤቷ ለእማማ ትብለጥ ሰጠችና ገባች። አባተም መዝጊያውን ቀረቀረው። ቀትር ላይ ጡቷ ሞልቶ ቀሚሷን አራሰው። መሶቡ ጠመመባት። ከዚያም ከአጥሩ ውጭ ለቅሶ ሰማች። የደብሬ ለቅሶ ነው። እማማ ትብለጥ ማባበል ቢያቅታቸው አዝለዋት መጥተዋል።

፦ አንጓች! ልጅሽ በረሃብ ድምፅዋ ተዘጋ!

አንጓች ብድግ አለች። አባተ በሩ ላይ ቆመ።

፦ የያዝሽውን ሳትጨርሺ አትወጪም። ከወጣሽም አትመለሺም።

ደሟ ፈላ።

፦ እኔ ያመሰገንኩት እናትህን ነው። አንተን ምን ብዬ ላመስግን? ልጄ እየጮኸች ጆሮሽን ድፈኚ ስላልከኝ? ዘወር በል!

አልዘወር አለ። እሷም በትከሻዋ ገፋችውና መቀርቀሪያውን መዝዛ ወጣች። እዚያው ደጅ፣ አቧራው ላይ ተቀምጣ አጠባች። ከጀርባዋ ኮቴ ሰማች። ሴቶቹ ወስፌያቸውን ይዘው ወጥተዋል። አንዲትም አልቀረች።

ወይዘሮ ዘነቡ ሲመለሱ ግቢው ጭር ብሏል።

፦ ሴቶቹ ጠገቡና ጥለውሽ ሄዱ፤ አላቸው አባተ።

እሳቸው ግን ነገሩን መንገድ ላይ ከእማማ ትብለጥ ሰምተዋል።

፦ አንተን የት ያሳደግኩህ ይመስልሃል? እዚህ መደብ ላይ፣ ጡቴን አጉርሼህ፣ እጄ እየሰፋ ነው! ያን ጊዜ እንዳንተ ያለ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ቢሆን፣ ዛሬ የምትጮህበት ጉሮሮ ይኖርህ ነበር?

ከዚያም ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ልጃቸውን አስከትለው አንጓች ቤት ሄዱ።

፦ ልጄ፣ ተመለሺ። በደልንሽ።

አንጓች እግራቸውን ልትስም ጎንበስ አለች። ግን ቀና አለችና፦

፦ እመቤቴ፣ ቸርነትዎን አልረሳም። ሥራዬንም እወደዋለሁ። ነገር ግን እርስዎ ጠበል በሄዱ ቁጥር ልጄ መራብ የለባትም። እኔ የምገባው ያ መዝጊያ ሲነቀል ነው።

ወይዘሮ ዘነቡ ዞረው ልጃቸውን አዩት።

፦ ሰምተሃል። ንቀል።

አባተም ወደ ግቢው ተመልሶ፣ ወሬውን ሰምተው የመጡት ሴቶች ቆመው እያዩት፣ ላቡ ጠብ እያለ፣ በገዛ እጁ ነቀለው። አንጓችም ደብሬን አዝላ ገባች።

ጎረቤት ሁሉ፦ «ሌባ ቢገባስ?» ቢላቸው፣ ወይዘሮ ዘነቡ፦ «ከሌባ የባሰ ገብቶ አይተናል» አሉ።

እኔም ተናድጄ አወራሁ፣ ጉሮሮዬም ደረቀ። በሉ ተረቴን ተረከቡኝ፣ ትኩስ ቂጣ አጉርሱኝ።