የፊት ወንበር በአየርላንድ

የአየርላንድን ገጠር በአውቶቡስ ሊጎበኙ ከአዲስ አበባ ከሄዱት ሠላሳ ሰዎች መካከል አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች። በጉዞው ደንብ የፊት ወንበር ለተጓዦች በየቀኑ በተራ ይደርሳል። አቶ ሽብሩ የሚባሉ የቀድሞ ዋና ዳይሬክተር ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሙጭጭ ብለውበታል። ሴትየዋም ሦስት ቀን ሙሉ የአየርላንድን ኮረብታ ትታ የእሳቸውን ማጅራት ስትጎበኝ ሰነበተች።

በአራተኛው ቀን ተራዋ ደረሰና አስጎብኚው እንዲነሡላት ለመናቸው።

"ሠላሳ ዓመት ሰው መርቻለሁ" አሉ ባርኔጣቸውን እያስተካከሉ። "የመሪ ቦታው ከፊት ነው። ከኋላ ሆኖ የሚመራ ካያችሁ አሳዩኝና እነሣለሁ።"

ሹፌሩ ሰልችቶት አውቶቡሱን አስነሣ፤ ብዙም ሳይሄድ ግን ቆመ። ጠባቡን መንገድ የበግ መንጋ ሞልቶታል። አንድ ቦቲ ጫማ ያደረጉ ሽማግሌ ገበሬ ከመንጋው ኋላ ሆነው ቀስ እያሉ ይነዳሉ።

ልብስ ሰፊዋ በመስታወቱ ጠቆመች።

"ያውልዎት ጌታዬ፣ የሚመሩት ሰውዬ ከኋላ ናቸው። ከፊት ያሉት በጎቹ ናቸው።"

የመጨረሻው በግ መንገዱን ሳይለቅ አቶ ሽብሩ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ነበር።