የአያ ስንሻው ጋቢ የተበሳበት እሁድ

በግራር ውሃ ከተማ ሰው ለነገር ሲጣደፍ፣ በሬ ሳያስጠምድ ሊገዛ፣ ቤት ሳያይ ሊከራይ፣ ወይም ልጁን ለመጣው ሁሉ ሊድር ሲቸኩል፣ ከጎኑ የተቀመጠ ሽማግሌ የጋቢውን ጫፍ ያነሳና ቀዳዳ እንደሚፈልግ ሰው በጣቱ ይዳብሰዋል። ያገሩ ሰው ወዲያው ይገባውና ይስቃል። እንግዳ ግን ጋቢውን ምን ነካው ብሎ ግራ ይጋባል። ከዳበሳው ቀጥላ የምትመጣ አንዲት አጭር አባባል አለች፤ እሷን የወለደቻት ደግሞ አንዲት ሞተር ሳይክል ናት።

አያ ስንሻው የታወቁ አማላጅ ነበሩ። ዘር መቁጠር ላይ የሚስተካከላቸው አልነበረም። የሴቷንና የወንዱን ሰባት ቤት እየጠሩ ሲወርዱ የተቀመጠው ሰው በጣቱ እየቆጠረ ይከተላቸዋል። ዘሩ የማይገናኝ፣ ወጉና ሃይማኖቱ የሚስማማ ከሆነ ጭናቸውን መታ አድርገው «ገጠመ!» ይላሉ። እሳቸው «ገጠመ» ካሉ አለቀ፤ ጌሾ መውቀጥ ነው። ጥሩ ሰው ነበሩ፤ ለተጣላ የሚደርሱ፣ ለታመመ የሚጠይቁ። መጠበቅ የሚባል ነገር ግን አልፈጠረባቸውም። ባለቤታቸው እቴ ጥሩወርቅ «የኔ ባል ድስቱ ሳይፈላ ነው እጁን የሚታጠበው» ይሏቸው ነበር።

የእህታቸው ልጅ ምንይችል በሞተር ሳይክሉ ሰውና ዕቃ እያመላለሰ የሚኖር ጎልማሳ ነው። በጥምቀት በዓል የአሞሌ ሜዳውን የአያ ገዳሙን ልጅ፣ እናትነሽን አይቶ ልቡ እዚያው ቀረ። ሽማግሌ ተላከ። አያ ገዳሙ እንደ ወጉ አንዴ «እንመካከር»፣ አንዴ ደግሞ «ዘመድ ይሰብሰብ» እያሉ ካመላለሱ በኋላ ቁርጡን ነገሩ። «እሁድ ከቀትር በፊት ኑ። ካልመጣችሁ ትታችሁታል ብዬ ለሌላው ደጄን እከፍታለሁ።» ሌላው ማን እንደሆነ ባይናገሩም፣ ሌላ ጠያቂ እንዳለ ምንይችል ሰምቷል። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አልወሰደውም።

ታዲያ ቅዳሜ ጧት ሞተሯ ታመመች። መብራቷ ጭል ጭል አለ፤ ክላክሷ እንደ ታመመ ፍየል ያቃስት ጀመር፤ ቆይታም ጭራሽ አልነሳ አለች። ምንይችል እየገፋ ወደ ከድር ጋራዥ ወሰዳት። አያ ስንሻው ወሬውን ሰምተው ከገበያ እየተጣደፉ ደረሱ።

«ሬጉላተሩ ሞቷል» አለ ከድር፣ ከመቀመጫው ሥር አንዲት ክንፍ ክንፍ ያላት የብረት ቁራጭ ፈትቶ እያሳየ።

«እሱ ደግሞ ምን የሚሉት ነው?»

«ሞተሯ የምታመነጨውን መብራት ለባትሪው በልክ በልክ የሚያጎርሰው ነው፣ አያ። ባትሪው ሲጠግብ ማጉረሱን ያቆማል።»

«ደግ የእንጀራ እናት በለኛ! ታዲያ ሞተች ካልክ ሌላ አምጣላት።»

«የእሷ ዓይነት እዚህ የለም። ከባሕር ዳር ነው የሚመጣ፤ ማክሰኞ ይደርሳል።»

«ማክሰኞ!» አሉ አያ ስንሻው። «ማክሰኞማ ልጅቷ የሰው ናት!»

ምንይችል ይህን ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ። ወዲያው የከድርን የአሮጌ ዕቃ ሳጥን ያገላብጥ ገባ። ከብዙ ጉርጎራ በኋላ ያችኑ የምታክል፣ የብሎን ቀዳዳዋ እንኳ ያው የሆነ፣ ክንፍ ያላት ቁራጭ አወጣ።

«ይቺስ?»

«እሷ የሌላ ሞተር ናት። የትልቁ።»

«ግድ የለህም፣ ሞክራት።»

ሽቦ ከሽቦ የሚጋጠምበትን ጫፍ መካኒኮች «አፍ» ይሉታል። ከድር የሞተሯን አፍ ይዞ ወደ ባዕዷ ሬጉላተር አፍ አስጠጋው። ቀጭ አለ። እሱ ራሱ አልጠበቀም ነበርና «እንዴ፣ አፉ ገጠመ!» አለ።

«ገጠመ!» አሉ አያ ስንሻው፣ ጭናቸውን እየመቱ።

«አፉስ ገጥሟል» አለ ከድር ራሱን እያከከ። «የውስጡን ግን አላውቅም። ሽቦዎቹ የተደረደሩት እንዴት እንደሆነ ሳይለካ... መለኪያዬን ጎረቤቴ ተውሶ ወስዶታል። ትንሽ ብትታገሡኝ አስመጥቼ ልየው።»

«ምኑን ታየዋለህ? አፍ ለአፍ ከገጠመ ሌላ ምን ይጠየቃል! እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ሰውና ሰው ሳጋጥም አንተ ብረትና ብረት ማጋጠም ያቅትሃል?»

ከድር ሳቀ። ለሽማግሌ መልስ መስጠት ከበደው፤ ደግሞም አፉ እንዲያ አምሮ ሲገጥም አይቶ እሱም ልቡ ሳይረታ አልቀረም። ባትሪውን ትንሽ ቻርጅ አድርጎ ባዕዷን ሬጉላተር አሠረላቸው። ሞተሯ ባንድ እርግጫ ተነሳች። መብራቷ ቦግ አለ። ምንይችል ክላክሷን ሲነካው መንገድ ላይ የቆመ አህያ ጭነቱን ጥሎ ሮጠ።

«ሰማህ?» አሉ አያ ስንሻው። «ከድሮዋም በለጠች!»

እሁድ ጧት ወጡ። አያ ስንሻው እቴ ጥሩወርቅ በእጃቸው የፈተሉትን አዲስ ጋቢ ለብሰው ከኋላ ተፈናጥጠዋል። አብረዋቸው የሚያማልዱት ሁለት ሽማግሌዎች የአሞሌ ሜዳ ሰዎች ስለሆኑ እዚያው ይጠብቋቸዋል። ሰማዩ ጠርቷል፤ መንገዱ ደርቋል። ምንይችል ሰው ባለበትም በሌለበትም ክላክሱን ያስጮኸዋል፤ አያ ስንሻውም በየመንደሩ ለሚያልፉት ሰው ሁሉ እጃቸውን ያነሳሉ። ትንሿን ወንዝ ሲሻገሩ ውሃው ተረጭቶ የጋቢያቸው ጫፍ ረጠበ። ከዚያ በኋላ አልደርቅ አለ፤ ጭራሽ የባሰ የሚረጥብ መሰላቸው። የወንዙ ውሃ ነው ብለው ተዉት።

ዳገቱን ሲይዙ ክፉ ሽታ መጣ። የገማ እንቁላል ሽታ።

አያ ስንሻው ጥቂት ታገሡ። በመጨረሻ ግን «ምንይችል፣ ልጄ» አሉ። «ትናንት ማታ ምን በላህ?»

«እኔ? ኧረ እኔ አይደለሁም፣ አያ! እርስዎ መስለውኝ አፍሬ ነው ዝም ያልኩት!»

ሁለቱም ሳቁ፤ ሽታው ግን አልሄደም። ቆይቶ የፊት መብራቱ አንዴ እንደ መብረቅ ፈክቶ ጠፋ። ክላክሱም በመሐል ትንፍሽ ሳይል ቀረ። አሞሌ ሜዳ መግቢያ ካለው ሾላ ሥር ሲደርሱ ሞተሯ ሁለት ሦስቴ አስላትና ፀጥ አለች።

ምንይችል የጎኗን ክዳን ከፈተ። ባትሪው ሆዱ ተነፍቶ፣ አሲድ የሆነው ውሃው እየፈላ በትንሿ ቱቦ ወደ ውጭ ይንጠባጠባል። የሚንጠባጠበውም አያ ስንሻው ጋቢያቸውን ባንጠለጠሉበት በኩል ነው። የራሷ ሬጉላተር ቢሆን ባትሪው ጠገብኩ ሲል የሚሰማበት ሽቦ ነበረው። የባዕዷ ሽቦ ግን የተደረደረው በሌላ መልክ ነውና የባትሪውን «በቃኝ» የሚሰማ አልነበረም፤ ዝም ብላ ስታጎርሰው ነው የመጣችው።

«ፈላ እኮ፣ አያ! ተቃጠለ!»

«ደርሰናል አይደል? በኋላ ታየዋለህ» አሉ አያ ስንሻው። ጋቢያቸውን አስተካክለው ዱላቸውን ያዙ። ምንይችል ከሞተሯ ጋር ቀረ፤ የሚጠየቅለት ሰው ራሱ ከሽማግሌዎቹ ጋር ደጅ አይቆምማ።

አያ ገዳሙ ቤት እንደ ወጉ ቆመው ጠበቁ፤ «ተቀመጡ» ተባሉ፤ «ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ፤ ተናገሩ፤ ተቀመጡ። ዘሩ ተቆጠረ። አያ ስንሻው ያን ዕለት እንደ ዳዊት ነው ያወረዱት። አንድም የሚነካካ አልተገኘም። አያ ገዳሙ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንግዲህ በእኔ በኩል እንከን የለበትም» አሉ። «ይመርቁና እንጨርሰው።»

አያ ስንሻው ሊመርቁ ተነሡ። ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳብ ሲያደርጉት ጫፉ ተቀድዶ እጃቸው ላይ ቀረ። ደንግጠው ሌላውን ጫፍ ያዙ፤ እሱም እንደ ረጠበ ወረቀት ተበጣጠሰ። አሲዱ የነካው ሁሉ ወንፊት ሆኗል። አንዱ ቀዳዳ ውስጥ ጣታቸው ወጥቶ ታየ። መጀመሪያ ሁሉም አፈረ፤ ከዚያ ቤቱ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። አያ ገዳሙ እንኳ ዓይናቸውን እየጠረጉ ሳቁ።

የእጅ ውሃ ይዛ በጓዳው በር የቆመችው እናትነሽ ብቻ አልሳቀችም። ልትስቅ ከንፈሯን አላቀቀች፤ ግን ዕንባዋ ቀደማት። በነጠላዋ ሸፈነችው።

አያ ስንሻው አዩ። ጣታቸው ቀዳዳው ውስጥ እንዳለ ቆመው ቀሩ። ትናንት ያን ቀጭ ያለ ድምፅ ሰምተው ጭናቸውን የመቱት እሳቸው ናቸው፤ ከድር ቆይ ልየው ሲል የከለከሉትም እሳቸው ናቸው። አሁን ቢመርቁ የእህታቸው ልጅ የሚወዳትን ያገኛል። ካልመረቁ ምናልባት ያጣታል፤ ሾላው ሥር ሆኖ የሚጠብቀው እሳቸውን ብቻ ነው።

«ወንድሜ ገዳሙ» አሉ ቆይተው። «ከመመረቄ በፊት ልጅቱን እንጠይቃት።»

«ማንን? እናትነሽን?» አሉ አያ ገዳሙ፤ ሳቃቸው ደረቀ። «ከመቼ ወዲህ? እርስዎ ራስዎ ስንቱን ሲያጋቡ ልጅ ጠይቀው ያውቃሉ?»

«አላውቅም።»

«ታዲያስ?»

«ዛሬ ልጠይቅ።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። እናቲቱ ልጃቸውን በክንዷ ይዘው አስጠጓት። አያ ስንሻው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ የምትፈልጊውን ተናገሪ፤ እኔ አለሁ» አሏት። እሷ መሬት መሬት አየች።

«ይኸው! ዝምታ እሺታ ነው» አሉ አባቷ።

«አይደለም። ጠገብኩ ብሎ የሚሰማው ያጣም ዝም ይላል። ተናገሪ ልጄ።»

«አባዬ ይቅር ይበለኝ» አለች እናትነሽ። «ምንይችል ክፉ ሰው አይደለም። ልቤ ግን እሱ ዘንድ የለም። ብትሰጡኝ በሠርጉ ዋዜማ ልጠፋ ነበር። ልብሴንም ጠቅልዬ ደብቄያለሁ።»

አያ ገዳሙ ዱላቸውን ይዘው ብድግ አሉ። እናቲቱ ልጃቸውን ከኋላቸው አደረጉ። አያ ስንሻው ግን ያንን የተበጫጨቀ ጋቢ እንደ ለበሱ በመሐል ገቡ።

«ተቀመጡ ገዳሙ። ድንኳን ተጥሎ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የኔ ልጅ ሙሽራ ሊወስድ መጥቶ ባዶ ቤት ቢጠብቀው፣ በእርስዎ ወንድሞችና በኔ ወንድሞች መሐል ምን ይወርድ ነበር?»

አያ ገዳሙ ዱላቸውን ዝቅ አደረጉ። በዚያ አገር እንዲህ ባለ ነገር የተነሳ የተቀበረ ሰው ያውቃሉ። ቆይተው ተቀመጡ፤ ዱላቸውንም ግድግዳው ላይ አስደገፉት። ወደ ልጃቸው ባያዩም «በይ ለእንግዶች ውሃ አቅርቢ» አሏት። ከዚያ በኋላ ተበላ፤ ተጠጣ። እቴ ጥሩወርቅ ስለ ጋቢው ምን እንደሚሉ እየተነሳም ተሳቀ። አያ ስንሻው ግን እህል አልወረደላቸውም።

ሾላው ሥር ሲመለሱ ምንይችል ሬጉላተሯን ፈትቶ መሬት ላይ አስቀምጧታል። ሲያያቸው ብድግ አለ።

«ተሰጠን፣ አያ?»

«አልተሰጠንም፣ ልጄ። ራሷን ጠየቅናት። ልቧ አንተ ዘንድ የለም። ቢሰጡህ ልትጠፋብህ ነበር።»

ምንይችል የሾላው ሥር ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ። አያ ስንሻው ከጎኑ ተቀመጡና የጋቢያቸውን ደኅና በኩል ትከሻው ላይ ጣል አደረጉለት። የእህታቸው ልጅ ሲያለቅስ ከልጅነቱ ወዲህ አይተውት አያውቁም ነበር።

«ሁሉም ገጥሞ ነበር እኮ!» አለ ምንይችል በመጨረሻ፣ ፊቱን በእጅጌው እየጠረገ። «ዘሩ ገጠመ። ወጉ ገጠመ። አባቷም እሺ ብለው ነበር። ታዲያ ምን ጎደለ?»

አያ ስንሻው ያቺን ባዕድ ሬጉላተር ከመሬት አነሱ። ከሞተሯ ጎን የተንጠለጠለውን አፍ ስበው ከአፏ ጋር አጋጠሙት። ቀጭ አለ፤ አሁንም እንደ ትናንቱ አምሮ ገጠመ። ከዚያ ወደ ተቃጠለው ባትሪ እያሳዩት፣ ቀስ ብለው እንዲህ አሉት፦ «አፉ ቢገጥም፣ ልጄ፣ ሆዱን ጠይቅ።»